የእትዬ ታደለች ካሜራ ሳያስፈቅድ አያይም

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ ግን ሳቅሁ። እትዬ ታደለች በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ቀራንዮ ግቢያቸው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለ ዓይኔ ፎቶግራፋቸው ላይ አረፈ። ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶ ነው፣ አሳድገውት። ሻሻቸው ቀጥ፣ አንገታቸው ቀጥ፣ ፊታቸው ማኅተም እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ኮስተር ያለ። ያን ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ከመነሳታቸው አንድ ደቂቃ በፊት እንዴት በሳቅ ይንፈራፈሩ እንደነበር ትዝ አለኝና አፌን በጋቢ ብይዘውም አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ገላመጡኝ። የእትዬ ታደለች ልጅ ቤዛ ግን ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን እንደታወሰኝ ስለገባት እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው የምታለቅስ መስሎት «አይዞሽ» አላት።

ማረፋቸውን የነገረችኝም ቤዛ ናት። ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ደውላ «እማዬ አረፈች» ብቻ አለችኝ። ወራጅ አለ ብዬ ያለ ቦታዬ ወርጄ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የለቅሶዬን ድርሻ እዚያው ጨርሼዋለሁ። የቀረኝ ሳቁ ነውና እሱን ልጻፈው።

እትዬ ታደለች ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። በሯ ላይ «የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ» ይላል። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው። እኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ከሱቃቸው አንዲት ጥግ ተከራይቼ ስልክ እጠግን ነበር። የተመረቅሁበትን ነገር በነገርኳቸው ቀን «በል ዲግሪው፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ያወጣችልኝ ስም በዚያ ሰፈር ተረሳ።

ጣቶቻቸው አያርፉም። ሲቀመጡ ጭናቸው ላይ፣ ሲቆሙ ቦርሳቸው ላይ፣ አሥሩም ጣት ይጽፋል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አፉን ከፈተባቸው። አንዲት ቃል አልመለሱም፤ ጣቶቻቸው ብቻ ቦርሳቸው ላይ ይሮጣሉ። «ምን እየጻፉ ነው እትዬ?» ብላቸው፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ «የስንብት ደብዳቤውን» አሉኝ። ስንወርድ ፈገግ ብለው «ግልባጭ ለማኅደሩ» ጨመሩበት።

ሌላም አባባል ነበራቸው፤ «ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ያስባል፣ ብዙ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል» ይሉ ነበር። እንዲህ ሲሉ ወደ እኔ ባያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ኮምፒውተር ኮድ ነገር የገቡት በአንድ ተማሪ ሰበብ ነው። ልጁ የመመረቂያ ሥራው ያለበት ላፕቶፕ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቶ፣ የቀረው ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈው የጃቫስክሪፕት ኮድ ብቻ ነበር። «እትዬ፣ እንዳለ ይምቱልኝ» ብሎ ሰጣቸው። እሳቸው ኮድ ምን እንደሆነ አያውቁም። ግን ደብተሩን በግራ በኩል አቁመው፣ ቁልፎቹን አንዴም ሳያዩ፣ ገጽ በገጽ መቱት። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «ይሄ ልጅ እዚህ ጋ የከፈተውን ቅንፍ አልዘጋም» አሉ።

ተማሪው «ልክ ነው እትዬ፣ እንደዚያ ነው የሚጻፈው» አለ። እኔም ዲግሪዬን አስታውሼ ከተማሪው ጎን ቆምኩ። ሞከርነው፤ ነጭ ገጽ። እንደገና ሞከርነው፤ ነጭ ገጽ። እትዬ ታደለች እጃቸውን ዘርግተው አንዲት ቅንፍ መቱ።

ብራውዘሩ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ገጹ ካሜራውን መጠቀም እንደሚፈልግ ትናገርና ሁለት ምርጫ ትሰጣለች፤ ፍቀድ፣ አግድ። ፍቀድን ተጫኑት። ወዲያው እትዬ ታደለች ስክሪኑ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው እትዬ ታደለችን ያያሉ።

«እኔ ነኝ አሁን ይሄን የጻፍኩት?» አሉ በቀስታ። ከዚያ ሁለቱም እትዬ ታደለች ባንድ ጊዜ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ያን ቀን ለደንበኛ ቁልፍ ሳይመቱ ዋሉ። መስመር በመስመር እየጠቆሙ ያፋጥጡኛል። እኔም የማውቀውን እናገራለሁ፣ የማላውቀውን ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ።

«ይቺ አዌይት የምትለዋ ምንድን ናት?»

«ጠብቅ ማለት ናት።»

«ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«ሰውየው ፍቀድን እስኪጫን ነዋ። እስከዚያ ካሜራው አይከፈትም።»

ጣቶቻቸው ቆሙ። በአራት ዓመት ጎረቤትነታችን ጣቶቻቸው ሲቆሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ይሄማ ከብዙ ሰው ይሻላል» አሉ። «አስፈቅዶ ነው የሚገባው።»

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በሱቁ ሕግ ሆነ። ተማሪው ቅጂውን በተወልን በዚያ ገጽ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ ፍቀድን በገዛ ጣቱ ይጫናል። ባለ ትልቅ ከረባት ባለሀብት ይሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ያየች ባልቴት ትሁን፣ እትዬ ታደለች እጇን ይዘው ይመሯታል እንጂ አይጫኑላትም። አንድ ሽማግሌ ተሳስተው አግድን ተጭነው ገጹ ጨለመ። እኔ ላስተካክል ስነሳ «ተው፣ ምናልባት አልፈለጉ ይሆናል» ብለው አስቀመጡኝና ሽማግሌውን ሻይ አዘዙላቸው። ሁለተኛውን ስኒ ሲጨርሱ ፈለጉ።

አሁን የፎቶግራፉን ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ሰውን የሚያሳየው ካሜራው እንደሚያየው ነበር፤ ልክ ፊት ለፊት የቆመ ሌላ ሰው እንደሚያየን። እኛ ደግሞ ራሳችንን የለመድነው በመስታወት ነው። እትዬ ታደለች ለመታወቂያቸው ፎቶ ሊነሱ ተቀምጠው ሻሻቸው ወደ አንድ ወገን መዝመሙን አዩ። ሊያቃኑት ገፉት፤ ባሰበት። አሁንም ገፉት፤ ጆሯቸውን ሸፈነው። በመጨረሻ ሻሹ አንድ ዓይናቸው ላይ ደርሶ፣ «ዲግሪው፣ ይቺ ሴትዮ አልታዘዝ አለችኝ» እያሉ ከወንበሩ ላይ ሊወድቁ ደረሱ። እኔም በሳቅ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። ያ ኮስታራ ፎቶ የተነሳው ሳቃቸውን በግድ ውጠው ነው። በደንብ ላየው ሰው አፋቸው ዳርና ዳር ያስታውቃል።

በማግስቱ ምስሉን ግራና ቀኙን የምትገለብጥ አንዲት መስመር ፈልገው አገኙና ጨመሩ። ገጹንም «መስታወት» ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት የሱቁ በር ይጣበብ ነበር፤ ከመድኃኔዓለም የምትመለስ ነጠላ ለባሽና ወደ ጸሎት ቤት የምትሄድ የመዘምራን ልብስ የለበሰች ልጅ ተራ ጠብቀው በዚያች ስክሪን ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ። በነፃ ነው። ሁሉም ግን ፍቀድን ራሱ ይጫናል።

እንግዲህ ወደ ሠርጉ ልምጣ።

ቤዛ ልታገባ ነው። ልጁ ናትናኤል ይባላል፣ የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምር ነው። ጴንጤ ነው ማለት ነው። የእትዬ ታደለች እናት እማማ በላይነሽ ደግሞ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሁለት ዓመት ከአልጋ ያልወረዱ፣ ምላሳቸው ግን እንኳን ሊሰበር የዛለበት ቀን የለም። እትዬ ታደለች መሥሪያ ቤት ሲውሉ ቤዛን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የልጁን ሃይማኖት ሲሰሙ አልጮኹም። «ያላየሁትን አልመርቅም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ናትናኤል ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ እማማ በላይነሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ዓይኔን አመመኝ» አሉ። ለእትዬ ታደለችም ሁለት ወር ሙሉ «ውኃ» እና «መብራቱን አጥፊው» ከማለት በቀር አልተናገሯቸውም። እትዬ ታደለች ምሳቸውን ከፍተው ሳይነኩ ይከድኑት ጀመር። አንድ ቀን «ቤዛ ያለ እማዬ ምርቃት ከዚያ ግቢ ከወጣች፣ የዳርኳት አይመስለኝም፤ ያባረርኳት ነው የሚመስለኝ» አሉኝ። እንዲህ ከፍቷቸው አይቼ አላውቅም፤ አንድ የተሰበረ ስልክ አንስቼ መፍታት ጀመርኩ።

የሠርጉ ሳምንት ግን አንድ ጠዋት እየበረሩ መጡ። «አገኘሁት» አሉ። «እማዬ አላይም የምትለው ስታይ እንዳትታይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በመጋረጃ ቀዳዳ ጎረቤት ስታይ የኖረች ሴት ናት። ድንኳኑን አልጋዋ ድረስ አመጣላታለሁ።»

አመጡላቸው። የሱቁን ካሜራ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሙሽሮቹ ትይዩ አሰርናት፤ ረጅም ማራዘሚያ ገመድ በሳሎኑ በኩል አሳልፈን ላፕቶፑን እማማ በላይነሽ ራስጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። ሙሽሮቹ ከአዳራሽ ሲመለሱ ላፕቶፑን ሳሎን ድረስ አወጣንላቸውና ፍቀድን ሁለቱ በአንድ ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ ወደ ቦታው መለስነው። እትዬ ታደለች ደግሞ ድንኳኑ መሀል ቆመው «እናቴ ከአልጋዋ ሆና በካሜራ ታያችኋለች፤ መታየት የማይፈልግ ከዚህ ምሰሶ ወዲያ ይቀመጥ» ብለው አወጁ። ሦስት ሰዎች ተነስተው ተሻገሩ። ድንኳኑ ቀድሞውንም ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ጠላው በአንድ ወገን፣ ለስላሳው በሌላው ወገን፣ «ድንበሩ ኬኩ ነው» ተብሎ።

እኔ ላፕቶፑን እንድጠብቅ እማማ በላይነሽ ክፍል ተመደብኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። አስር ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ጋቢው በአንድ በኩል ትንሽ ከፈት አለ፤ አንድ ዓይን ወጣች።

«ያ ቢጫ ከረባት ማነው?»

«የናትናኤል አጎት ናቸው እማማ።»

«ከረባቱ የእሱ አይመስልም።»

ሁለተኛዋም ዓይን ወጣች። ከዚያማ ማን ያቁማቸው። የማን ቀሚስ እንደጠበበ፣ ማን ሁለቴ እንደተነሳ፣ ማን ለይስሙላ እንደሚያጨበጭብ ሁሉንም ቆጠሩት። ቤዛን ሲያዩ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ከሳች» ብቻ አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ደስ አለኝ፤ እትዬ ታደለች ተሳካላቸው ብዬ አሰብኩ።

ምግብ ቀረበ። ናትናኤል ጠቅልሎ ቤዛን አጎረሳት። እማማ በላይነሽ ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«በግራው ነው ያጎረሳት?»

አየሁ። በግራው ነው። ቤዛም መልሳ አጎረሰችው፤ በግራዋ። ባለ ቢጫ ከረባቱ አጎት በግራቸው ይበላሉ። መላው ድንኳን፣ ባለጠላውም ባለለስላሳውም፣ ግራ እጁን ትሪ ውስጥ ነክሮ ይጎርሳል።

«ጴንጤ ሲሆኑ እጅም ይለወጣል?» አሉ እማማ በላይነሽ። ከዚያ ዓይናቸው ጥግ ላይ የተቀመጡት ጎረቤታቸው መምሬ ጥላሁን ላይ አረፈ። መምሬ ጥላሁን በግራቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ አስገቡ። እማማ በላይነሽ ደረታቸውን ያዙ። «ቄሱንም ወሰዷቸው» አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። እትዬ ታደለች በሠርግ ጥድፊያ የሱቁን ገጽ እንዳለ አምጥተውታል፤ ግራና ቀኝ የምትገለብጠዋን መስመር ሳያወጧት።

«እማማ፣ እውነት አይደለም፤ መስታወት ስለሆነ ነው» አልኳቸው።

«መስታወት ከሆነ እኔ የታለሁ?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ጊዜ ሳላባክን ኮዱን ከፈትኩና መስመሯን አገኘኋት ብዬ አንድ ቁጥር ለወጥኩ። ገጹን እንደገና ስከፍተው ያቺ ሳጥን መጣች፤ በችኮላ ፍቀድን እኔው ተጫንኩት። ድንኳኑ ተገልብጦ መጣ። ሙሽሮቹ፣ ኬኩ፣ መምሬ ጥላሁን፣ ሁሉም እንደ ሌሊት ወፍ ቁልቁል ተንጠልጥለው በግራቸው ይበላሉ።

«ይኸው፣ ሲብስ ተዘቀዘቁ» አሉ እማማ በላይነሽ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እየሮጥኩ እትዬ ታደለችን ጠራኋቸው። በሐበሻ ቀሚሳቸው፣ ያጎረሷቸውን ገና እያኘኩ ገቡ። ስክሪኑን አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ፍቀድን ማን ተጫነው?»

«እኔ።»

«አንተ ሙሽራ ነህ?»

ሳይቀመጡ፣ ቁልፎቹን ሳያዩ፣ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሌላው ያቺን መስመር አጠፏት። ገጹን እንደገና ከፈቱት። ሳጥኗ ብቅ አለች። እጄን ስሰድ በጥፊ መቱት።

«ሂድና ሙሽሮቹን አስፈቅድ።»

«እትዬ፣ አሁን? ቅድም ፈቅደው የለም እንዴ?»

«የቅድሙ አለቀ። ገጹ እንደገና እየጠየቀ ነው፤ እኛም እንደገና እንጠይቃለን።»

ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው የምትጠብቁት?»

«እስኪፈቅዱልን ነው እማዬ» አሉ እትዬ ታደለች። «ሳያስፈቅዱ ሰው ማየት ነውር ነው።»

እኔ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩና ናትናኤል ጆሮ ላይ አጎንብሼ ያለውን ነገር ሁሉ ነገርኩት፤ ግራውን፣ ቄሱን፣ የሌሊት ወፉን። ሊስቅ ነበር፤ ግን ቤዛ እጁን ስትይዘው ተወው።

«ይዩን እንጂ» አለ። «እኔስ እንዳያቸው ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ትጠይቅልኛለህ?»

ቃል በቃል ወስጄ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነገርኩ። እትዬ ታደለች ማኘካቸውን አቆሙ። ከውጭ እልልታው ይሰማል።

«እንደዚህ ብሎ ነው የጠየቀው?» አሉ እማማ በላይነሽ ከጋቢው ውስጥ።

«እንደዚህ ብሎ ነው።»

«እስቲ መጀመሪያ ክፈቺውና ልየው።»

እትዬ ታደለች በሙሽሮቹ ስም ፍቀድን ተጫኑ። ናትናኤል ቀና ብሎ ካሜራዋን እያየ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። በቀኙ ነው። ከጀርባው መምሬ ጥላሁንም በቀኛቸው አዲስ ጉርሻ ይጠቀልላሉ።

«ሻሼን አምጪ» አሉ እማማ በላይነሽ። «ይግባ።»

ሙሽሮቹ ገቡና አልጋው ሥር ተንበረከኩ። አጃቢው ሁሉ ተከትሎ ግልብጥ ብሎ ስለመጣ ስክሪኑ ላይ ባዶ ወንበርና አንድ መምሬ ጥላሁን ብቻ ቀሩ። እማማ በላይነሽ የናትናኤልን ቀኝ እጅ ወስደው መዳፉን ወደ ላይ ገለበጡት፣ ወደ ታች ገለበጡት፣ አገላብጠው መረመሩት። ከዚያ «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉበት። «የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያርግላችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ።» ናትናኤል አሜን ሲል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ የመዘምር አሜን ነው። እማማ በላይነሽ ትንሽ ደንገጥ አሉ። «አሜን ማለቱንስ ይችልበታል» አሉና በአሜኑ ደስ ብሏቸው ምርቃቱን ከመጀመሪያው ደገሙት።

ሙሽሮቹ የእማማ በላይነሽን ጉልበት ስመው ሲነሱ እትዬ ታደለች በቦታቸው ተንበረከኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ የሙሽራዋ እናት፣ ቀሚሳቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አሏቸው እናታቸው።

«እኔንም መርቂኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከውኃና ከመብራት በቀር አልተናገርሽኝም።»

ያን የሚያህል ሰው እናቱ ፊት እንደ ልጅ ሲያለቅስ አየሁና እኔም ስክሪኑን የማይ መስዬ ዞርኩ። እማማ በላይነሽ ሁለት እጃቸውን የልጃቸው ሻሽ ላይ ጫኑ።

«የልጅ ልጅ ያሳይሽ» አሏቸው።

እማማ በላይነሽ በዓመቱ አረፉ። እትዬ ታደለችን ግን እግዜር የልጅ ልጅ አሳያቸው፤ ያውም መንታ።